ገዳዩ ሰፊ ነው

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ጠዋት ከፌኒ ጋር ናካሴሮ ገበያ ወርደን ቲማቲምና ቃሪያ ገዛን፣ በታክሲ ወደ አክስቴ ምግብ ቤት ተመለስን፣ ሽንኩርት ከተፍን። ፌኒ አብራኝ ወጥ ቤት የምትሠራ የዚህ አገር ልጅ ናት። ብዙ አታወራም። እኔም አላወራም። ስለዚህ እንስማማለን።

ምሳ ላይ ጋሽ ዘማርያም መጣ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ነው የሚቀመጠው፣ የሚገባው የሚወጣው ሁሉ እንዳያመልጠው። እዚህ ካባላጋላ ሰፈር ያለ ሐበሻ በሙሉ «ኢንስፔክተር» ነው የሚለው። «የወደቡ ጣቢያ» የሚባለው የቱርክ ፖሊስ ድራማ በአማርኛ ሲመጣ የኢንስፔክተር ኦርሃን ድምፅ እሱ ነበር... ነው የሚለው። በዚያ ድምፅ «እጅ ወደ ላይ!» ይላል፣ ሰው ይስቃል፣ አክስቴም ትስቃለች፣ ከዚያ ሽሮው በነጻ ይሆናል።

ሳህኑን ሳስቀምጥለት ደግሞ ያችን ነገር አደረጋት። እኔ ስለማልናገር እሱ «ድምፅ ይሠራልኛል»። አፌን አፌን እያየ፣ ቀጭን የሴት ድምፅ አውጥቶ፣ በእኔ ቦታ ሆኖ ያወራል።

«ውይ ጋሼ! ምላሴን ሽሮው ውስጥ ጣልኳት መሰለኝ። ካገኘሃት እንዳትበላት፣ መልስልኝ!»

ሁሉም ሳቀ። አንዱማ ሳል ያዘው። እኔስ? ትሪዬን ይዤ ተመለስኩ። ምን እላለሁ?

ሐሙስ፣ ጥር 8

ስልኬ ላይ የምጽፈውን ነገር ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ ግን ልጻፈው።

ኢንተርኔት ላይ ያለ የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት ነው። ማንም ገብቶ ማረም ይችላል። ስለ «የወደቡ ጣቢያ» የተጻፈውን ሳነበው አፈርኩ፣ እንዲያ ነው የጀመርኩት። «ኢንስፔክተሩ በጣም ጀግና ነው ሁላችሁም እዩት» ይል ነበር። ይሄ መዝገብ ነው ወይስ የሚስት መወድስ? ከሲኒየር ቱ፣ በእኛ አገር ከዘጠነኛ ክፍል፣ ወዲያ አልተማርኩም፣ ግን ይቺን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ድራማውን ደግሞ ከማንም በላይ አይቼዋለሁ። የአክስቴ ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አያሳይም።

የጻፍኩትን የሚገመግመው ልደቱ የሚባል ሰው ነው። የት እንደሚኖር አላውቅም። የእኔ ስም እዚያ «ታዛቢ» ነው። ወንድ ልሁን ሴት፣ ልጅ ልሁን ሽማግሌ፣ አያውቅም። ስለዚህ «እርስዎ» ይለኛል።

«ውድ ታዛቢ፣ ያደረጉት እርማት ትክክል ነው።»

ያደረጉት! እዚህ ቤት እኮ «አንቺ» ስባል ደህና ቀን ነው። «ኧረ ልጅት» ነኝ። «ማነሽ» ነኝ።

ያረምኩት የመጨረሻውን ክፍል ነው። «ገዳዩ ሰፊ መሆኑ ይታወቃል» ይል ነበር። ድራማውን ያላየ ሰው ሲያነበው ገዳዩ ወፍራም ሰውዬ ይመስለዋል። ገዳዩ ልብስ ሰፊ ነው! የፖሊሶቹን ዩኒፎርም የሚሰፋላቸው፣ ራሱ እንደ ክር የቀጠነ። ፊደሉ አንድ ዓይነት ነው። ሲላላ ልብስ የሚሰፋ፣ ሲጠብቅ ስፋት ያለው። «ልብስ» የምትል ቃል ብቻ ጨመርኩ። አንድ ቃል። ሰውዬው ወዲያው ቀጠነ።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። እዚያው ቦታ ላይ፣ ኢንስፔክተሩ ሰውዬውን በጣቱ እያሳየ «ገዳዩ ሰፊ ነው» ሲል፣ ድምፁ ይቀየራል። ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ሌላ ሰው ነው የሚናገራት። ከዚያ ተመልሶ የራሱ ድምፅ ይሆናል። ለምን? ጋሽ ዘማርያምን ልጠይቀው?

እኔ? እሱን?

እሑድ፣ ጥር 11፣ ጥምቀት

መጻፍ አልፈልግም። ግን ካልጻፍኩት ይዞኝ ያድራል።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ ነጭ በነጭ ሆኖ እኛ ቤት ገባ። ወንበር አልበቃም፣ ከጎረቤት ተበደርን። ዮፍታሔም መጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር። ዮፍታሔ ኪዋቱሌ፣ ደህና ኑሮ ያላቸው ሰፈር ነው የሚኖረው፣ አባቱ አየር መንገድ ነው የሚሠራው፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ሳህን ሳነሳለት ቀና ብሎ «አመሰግናለሁ፣ ቤርሳቤህ» ይለኛል። ሙሉ ስሜን። ሌላ ምንም የለም። በቃ ይቺው ናት። ግን የእኔ ነበረች።

ክትፎውን ሳስቀምጥለት ጋሽ ዘማርያም ከበሩ ጋ ቀጭኗን ድምፅ አወጣት። ቤቱ በሙሉ ዞረ።

«ዮፍታሔዬ! ክትፎው ላይ ያቀለጥኩት ቅቤ እንዳይመስልህ፣ ልቤን ነው! አንተ አመሰግናለሁ ስትለኝ እኔ እኮ አገባሻለሁ ያልከኝ መስሎኝ ጥሎሽ እየጠበቅኩ ነው!»

ጠረጴዛ የደበደበ አለ። ፉጨት ያሰማ አለ። አክስቴ ከሒሳብ መቀበያው ጋ «ኧረ ተዋት ኢንስፔክተር፣ አሁን ታለቅስብሃለች!» አለች፣ እሷም እየሳቀች። እሷ እንዲያ ባትል እኮ ሰው ፊቴን አያየኝም ነበር። ሁሉም አየኝ።

ዮፍታሔ ሳቀ።

መጀመሪያ አልሳቀም። ጓደኛው በክርኑ ሲጎስመው ነው የሳቀው። ከዚያ ስልኩን ማየት ጀመረ።

ወጥ ቤት ገብቼ የተቃጠለ ድስት ያዝኩ፣ ፈተግኩት። ፌኒ «ምን አሉሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ምንም» አልኳት።

ሰኞ፣ ጥር 12

ዮፍታሔ አልመጣም።

ረቡዕ፣ ጥር 14

አልመጣም። ጋሽ ዘማርያም ወንበሩን አይቶ «ቤርሳ፣ ያንን ልጅ ምን አደረግሽው? ጥሎሹ ከበደው እንዴ?» አለኝ። በራሱ ድምፅ ነው ያለው። ይሄም ቀልድ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ዛሬ ኢንስፔክተሩ ወጥ ቤት በር ላይ መጥቶ ቆመ። ቆቡን አውልቆ! ራሰ በራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናካሴሮ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ለሚመጡ ስደተኞች በአማርኛ የሚቀዳ መልእክት ያዘጋጃል። የት እንደሚመዘገቡ፣ የት እንደሚታከሙ፣ ልጅ የት እንደሚያስተምሩ። ድምፅ ይፈልጋሉ። ቋሚ ሥራ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዱንም ይጨርሱለታል። እዚያ ያለችው ኃላፊ፣ ሔሊና የምትባል ናት፣ ድምፁን ሰምታ ወደደችው። «ግን ጋሼ፣ ስምህን ብንፈልገው ኢንተርኔት ላይ የለም። ሠርቻለሁ ያልከው ድራማ ላይ ስምህ ያለበት ነገር አምጣልኝ» አለችው።

አክስቴ ስልኬን ከኋላዬ አይታ ኖሯል። ነግራዋለች።

«ቤርሳዬ» አለኝ። ቤርሳዬ! «ያንን መዝገብ የምትጽፊው አንቺ ነሽ አሉኝ። ስሜን አስገቢልኝ። አንድ መስመር ናት። ይሄ ሥራ ከተሳካልኝ ሄቨንን አመጣታለሁ።»

ሄቨን ልጁ ናት፣ አዲስ አበባ። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አያቷ ጋ ነው ያለችው። በስልክ ሲያወራት እሰማዋለሁ። በኢንስፔክተሩ ድምፅ «ተጠርጣሪ ሄቨን፣ ጥርስሽን ቦርሸሻል ወይስ ማስረጃ ላቅርብ?» ይላታል። ከስልኩ ውስጥ ሳቋ ይወጣል። እሷን ሲያስቃት ሌላ ሰው ነው። እኔን እንዲያ የሚጠይቀኝ የለም። ጥርሴን ልቦርሽ አልቦርሽ ማን ግድ አለው?

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺ ብላለች ብሎ ያዘው። ሁልጊዜስ በእኔ ዝምታ ላይ የፈለገውን አይደል የሚሞላበት?

ሊወጣ ሲል ዞሮ ሳቀ። «እስኪገባ ድረስ ድምፅሽን አልነካም። ቃሌ ነው!»

እስኪገባ ድረስ...

ከገባ በኋላስ?

ማክሰኞ፣ ጥር 20

ለልደቱ ጻፍኩለት። «የኢንስፔክተሩን ድምፅ የሠራው ዘማርያም ሀብተሚካኤል ነው ይባላል፣ ላስገባው?»

«ውድ ታዛቢ፣ ይባላል ምንጭ አይደለም። የታተመ ነገር ይፈልጉ።»

ፈለግኩ። የድራማው መጨረሻ ላይ ስም ሲወርድ ቴሌቪዥኑ ቆርጦ ማስታወቂያ ያስገባበታል። አንድም ቦታ የድምፅ ሰዎች ስም የለም። የኢንተርኔት ባንድሌ አለቀ። አክስቴ «ለኢንስፔክተር ከሆነ እንኪ» ብላ ራሷ ሞላችልኝ። ለእኔ ሞልታልኝ አታውቅም።

ጋሽ ዘማርያም ሁለቴ መጥቶ «ገባ?» አለኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። አልገባም።

ውሸቱን ቢሆንስ? ቢሆን ደስ ይለኛል? አዎ። በጣም።

አርብ፣ ጥር 23

ውሸቱን አይደለም።

አገኘሁት። የድሮ የመዝናኛ ጋዜጣ፣ ገጹን አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠው። የቀልድ ዓምድ ነው። ቃል በቃል ልገልብጠው፦

«ሰሞኑን አገር ያሳቀው ኢንስፔክተር ኦርሃን ነው። እንደ መርፌ የቀጠነውን ሰውዬ በጣቱ እያሳየ ገዳዩ ሰፊ ነው ሲል ፊን አጠበቃት! ልብስ ሰፊው ወገበ ሰፊ ሆኖ ቁጭ አለ። የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ገዳዩ ሰፊ ነው፣ ጠጋ ጠጋ በሉለት እያሉ ነው። ድምፁን የሚሠራው ዘማርያም ሀብተሚካኤል ከሥራው መሰናበቱን ሰምተናል።»

ስለዚህ ነው! ስለዚህ ነው ያቺን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው የሚናገራት። እሱን አባረው አንዷን መስመር በሌላ ሰው አስቀዱና እላዩ ላይ ለጠፏት። ስንቴ አይቻታለሁ! ድራማውን ሁሉ እሱ ተሸክሞት፣ ገዳዩ የሚያዝበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሰው ጉሮሮ...

እሱ ይሄን ለማንም ነግሮ አያውቅም። «ስደት ነው ከሙያዬ የለየኝ» ነው የሚለው።

አፌን በሻርፕ ይዤ ሳቅኩ። ፌኒ መታመሜ መስሏት ውኃ አመጣችልኝ።

ሰኞ፣ ጥር 26

ምንጩን ለልደቱ ላክሁለት። መልሱን ዛሬ አገኘሁ።

«ውድ ታዛቢ፣ በጣም ጥሩ ግኝት ነው። ጋዜጣው ስሙን በግልጽ ስለሚጠቅስ ለድምፅ ተዋንያን ሠንጠረዥ ይበቃል። ስህተቱን መጥቀስ ግዴታ አይደለም። ለአንባቢ ይጠቅማል ብለው ካመኑ ግን በጽሑፉ ውስጥ ሊያነሱት ይችላሉ። በእርስዎ ውሳኔ።»

በእርስዎ ውሳኔ።

ሳህን እያጠብኩ ስንቴ እንዳልኳት። በእርስዎ ውሳኔ። በእኔ ውሳኔ ምን ሆኖ ያውቃል? ከአዲስ አበባ ስመጣ በእኔ ውሳኔ ነው? ትምህርት ሳቋርጥ?

ሠንጠረዡ ባዶ ነው። ኢንስፔክተር ኦርሃን ይላል፣ ፊት ለፊቱ ሰረዝ። ስሙን እዚያ ማስገባት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እሱም ደስ ይለዋል። ሥራውን ያገኛል። ሄቨን ትመጣለች፣ እዚህ ቤት ቁጭ ብላ ክትፎ ትበላለች፣ እኔ አቀርብላታለሁ። እሱም ከበሩ ጋ ሆኖ ድምፄን ይሠራል። ልጁ እየሳቀች።

ዮፍታሔ ዛሬም አልመጣም።

ሐሙስ፣ ጥር 29

አስገባሁት።

ሠንጠረዡን አልነካሁም። ሰረዙ እንዳለ ነው። «ስህተቶች» የሚል ንዑስ ርዕስ ከፈትኩና እንዲህ ጻፍኩ፦

«የኢንስፔክተሩን ድምፅ ይሠራ የነበረው ዘማርያም ሀብተሚካኤል በመጨረሻው ክፍል ‹ሰፊ› የሚለውን ቃል አጥብቆ በማንበቡ ትርጉሙ ከልብስ ሰፊነት ወደ ስፋት ተቀይሯል። ስህተቱ በከተማው ለረጅም ጊዜ መሳለቂያ ሆኖ ቆይቷል። ዘማርያም በዚሁ ምክንያት ከሥራው የተሰናበተ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ በሌላ ሰው ድምፅ ተተክቷል።»

ምንጭ፣ ቁጥር አራት። አንድም የሐሰት ቃል የለበትም። እስካሁን ከጻፍኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። የሚጎድል የለ፣ የሚተርፍ የለ።

ከሰዓት መጣ። «ገባ?»

«ገብቷል» አልኩት።

ለእሱ የተናገርኳት የመጀመሪያዋ ቃል ሳትሆን አትቀርም። ድምፄን ሲሰማ ደንገጥ አለ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ስሙን ጻፈና ፈለገው። ስልኩ መስታወቱ የተሰነጠቀ ነው፣ ዓይኑም ደህና አያይም። ስሙ ደምቆ ወጣለት። ከነአባቱ ስም። «ይኸውና! ይኸውና እኔ!» አለ። ወዲያው ለሔሊና ላከላት። ከስሙ በኋላ ያለውን አላነበበም።

ግንባሬን ሳመኝ። አክስቴን ጠርቶ «የሺዬ፣ ይቺ ልጅ ወርቅ ናት!» አላት። አክስቴ የሺሀረግ ስታቅፈኝ ዛሬ አየሁ። ከዚያ ወጥቶ ከመንገድ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን ዕንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ ገዝቶልኝ መጣ፣ ትኩስ፣ ዕንቁላሉ ሁለት። በልቼ ሳልጨርስ ለልጁ ደወለላት።

«ሄቨንዬ፣ አባትሽን ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው! ስሜ አለ! ለክፍልሽ ልጆች አሳዪያቸው!»

ሮሌክሱን ጨረስኩት። ይጣፍጥ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

እስካሁን አላነበበውም። እንዴት ሰው ስሙን አይቶ ዙሪያውን አያይም? ዛሬ ለሦስት ሰው አሳየ። እነሱም ስሙን አይተው «እሰይ!» አሉት።

ልንገረው? አሁን ሠንጠረዡ ውስጥ ላዛውረውና...

አይ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዛሬ አወቀ። ናካሴሮ ጠርተውት ሄዶ ነበር፣ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ። ሔሊና ስልኳን አዙራ አነበበችለት። ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር አለ።

«ጋሼ፣ ድምፅህ ወርቅ ነው። ግን እኛ የምንቀዳው ሰው የሚመራበትን ነገር ነው። ምዝገባው ገና ነው በል ስንልህ ጠበቅ አድርገህ በዓሉን ብታመጣብንስ? ሰው ይጠፋብናል እኮ!»

አብረዋት ያሉትም ሳቁ። ሥራውን ለሌላ ሰጥተውታል።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ሲነግራት ከወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ይጮኻል ብዬ ነበር። ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ቤርሳ፣ ያ ሠንጠረዥ አለ አይደል፣ ስም የሚደረደርበት... የእኔ ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ብቻ ብታደርጊኝ ምን ነበር?»

ድንቹን መላጥ ቀጠልኩ።

«አሁን አጥፊው። ያኛውን አጥፊና እዚህኛው ላይ አድርጊው። ነገ ጠዋት ሄጄ አሳያታለሁ። ተሳስተው ነው የጻፉት እላታለሁ። እባክሽ።»

«ምንጭ አለው» አልኩ።

«ምን?»

«ምንጭ አለው። አይጠፋም!»

ጮክ ብዬ ነበር። ፌኒ ቢላዋዋን ይዛ ዞረች። አክስቴ ከወዲያ «ማን ነው?» አለች፣ የማን ድምፅ እንደሆነ አላወቀችም። እሱ አፉን ከፈተ። አየሁት፣ አየሁት... ቆቡን አደረገና ሄደ።

የላጥኩትን ድንች ከልጣጩ ጋር ጣልኩት። ፍርሃት ነው? ፍርሃት እንዲህ ደስ ይላል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ወሬው ካባላጋላን አዳረሰ። ሊንኩን እሱ ራሱ አይደል ለሁሉም ያሳየው? አንዱ እስከ መጨረሻው አነበበው።

ዛሬ ሲገባ ቤቱ ሙሉ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ናማ ተቀመጥ! ይሄ ወንበር ሰፊ ነው ወይስ ሰፊ ነው?»

«ኧረ ጠጋ በሉለት፣ ጠጋ ጠጋ! ገዳዩ መጣ!»

«ሱሪዬ ተቀዷል፣ ሰፊ የምታውቅ ከሆነ ጥቆማ ስጠን!»

ሳቀ። መሳቅ ምን ይባላል፣ ጥርሱን አሳየ። ከዚያ «እጅ ወደ ላይ!» አለ በዚያ ድምፁ። ድሮ ሰው የሚስቅባት ቦታ ናት። ዛሬ ማንም እጁን አላነሳም። አንዱ ብቻ «አጥብቀህ በላት!» አለው፣ ያኔ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

በልቶ ሲጨርስ አክስቴ ሒሳቡን አመጣችለት። ራሷ።

«የሺዬ...»

«ኢንስፔክተር ነህ ብዬ እኮ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ ያበላሁህ።»

«ነበርኩ እኮ የሺዬ። እውነቴን ነው። ነበርኩ።»

«የተባረርክበትን ሥራ ነው የምትቆጥርልኝ?»

ኪሱን ሲፈትሽ ማየት አልፈለግኩም። ግን አየሁት። እስኪጨርስ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ጾም ገባ። ክትፎ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ፌኒ «ያ የሚጮኸው ሰውዬ የት ሄደ?» አለችኝ። ጁባ። አንድ የአገር ሰው የጭነት መኪና አለው፣ ዕቃ ለማውረድና ለመጫን ወሰደው። አክስቴን ተሰናብቷት ሄደ። ወደ ወጥ ቤት አልመጣም።

ዮፍታሔ ዛሬ መጣ። በየዓይነቱ በላ። «አመሰግናለሁ» አለ፣ ቀና ሳይል፣ ስሜን ሳይጠራ። ለካ ጋሽ ዘማርያም ቢሄድም የድሮው ዮፍታሔ አይመለስም። ግድ አልሰጠኝም። ወይስ ሰጠኝ? አላውቅም።

ልደቱ ጽፎልኛል። ጽሑፉ «ምርጥ» ተብሎ ተመርጧል፣ ፊተኛው ገጽ ላይ ይወጣል። «በተለይ የስህተቶች ክፍል በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎም ገምጋሚ ነዎት።»

ገምጋሚ ነኝ። የሌላውን ጽሑፍ ማጽደቅም መሰረዝም፣ ሌላ ሰው እንዳይነካው ገጽ መቆለፍም እችላለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

የአራት ሰው ጽሑፍ መለስኩ። አንዱ ተማጸነኝ። ደንብ ቁጥሩን ጠቅሼ መለስኩለት። ይቀላል።

እሑድ፣ መጋቢት 7

አሁን ሒሳብ መቀበያው ጋ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አክስቴ ወገቧን ስላመማት ነው። ሰው ሳይከፍል ሊወጣ ሲል ከመቀመጫዬ ሳልነሳ እጠራዋለሁ፣ ከእነስሙ። መጀመሪያ ይደነግጡ ነበር፣ አሁን ለምደውኛል። ለወጥ ቤት ሌላ ልጅ ትመጣለች።

ጠዋት ሰው ሳይገባ ስልኬን ከፈትኩ። «የወደቡ ጣቢያ» ላይ ለውጥ አለ ይላል፣ ገምግሙ። አዲስ ሰው ነው፣ ሌላ ምንም ጽፎ አያውቅም። ሠንጠረዡን ነው የነካው። ኢንስፔክተር ኦርሃን ፊት ለፊት፣ ሰረዙ በነበረበት፣ «ዘማርያም ሀብተሚካኤል አባዬ» ይላል።

ከታች ውይይቱ ላይ ደግሞ፦

«አባዬ ነው እውነቴን ነው። የክፍሌ ልጆች ሰፊዋ እያሉኝ ነው። አባዬ ስልክ ሲደውል አሁን በኢንስፔክተር አያወራኝም። እባክዎት እላይ ያለውን ይተዉልኝና እታች ያለውን ያጥፉልኝ። ሄቨን ነኝ።»

እባክዎት።

ጋዜጣው አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ለሠንጠረዡ ይበቃል፣ ልደቱ ራሱ ነው ያለው። ምንጩን ከሥሩ ባስገባላት ያጸድቀዋል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ከታች ያለውንም ላሳጥረው እችላለሁ። ስሙን ብቻ ላወጣለት እችላለሁ። ይሄን ሁሉ አሰብኩ። ደጅ አንድ ቦዳ፣ ሰው የሚያመላልስ ሞተር ብስክሌት፣ ጡሩንባውን እየነፋ አለፈ። እስኪያልፍ ድረስ አሰብኩ።

«ውድ አዘጋጅ፣ ምንጭ ስላልጠቀሱ ያደረጉት ለውጥ ተሰርዟል» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት።

ሁለት ጠረጴዛ ሒሳብ ተቀብዬ ስመለስ ደግማ አስገብታዋለች። ሥሩ ላይ ጥያቄ አላት፦

«ምንጭ ማለት ምንድን ነው? አባዬን ልጠይቀው?»

ገጹን ቆለፍኩት።